አውቶቡሱ የት ደርሷል?

የገበሬው ዝናም ጥበቃ ወራት አለው። የተማሪው የፈተና ውጤት ጥበቃም ቢረዝም ቀን አለው። የጸሐፊው የደመወዝ ጥበቃ ደግሞ ከወሩ መጨረሻ ብዙ አያልፍም። በአዲስ አበባ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ጥበቃ ግን ልክ የለውም። አንገቱን ወደ መንገዱ ጫፍ እያሰገገ፣ ከሩቅ ብቅ ያለውን ትልቅ መኪና ሁሉ «የእኔ ነው» እያለ ልቡን ያንጠለጥላል፤ ቀርቦ ሲያየው የውኃ ቦቴ ይሆንበታል። አጠገቡ የቆመውን ሰው «የኛው ቁጥር አልፏል እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ «እኔም አሁን ነው የመጣሁ» የሚል መልስ ያገኛል። ሁለቱም ዝም ብለው ወደዚያው ወደ መንገዱ ጫፍ ማየታቸውን ይቀጥላሉ።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ላንሣ። በዚያች ሰዓት አውቶቡሱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ የለምን? አለ። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ስለዚሁ ነው።

ጂፒኤስ የሚባለው መሣሪያ የተገጠመበት አውቶቡስ የት እንዳለ በየጊዜው ራሱን ያውቃል። ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች ሰዓታቸውን በራዲዮ ሞገድ ሳያቋርጡ ይናገራሉ። መሣሪያው ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ፣ ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ፣ ከእያንዳንዱ ሳተላይት ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል፤ ከርቀቶቹም የራሱን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ያገኛል። (ተማሪዎቼ ይህን በሰሙ ቀን ፊዚክስ ምን ይጠቅመናል የሚለውን ጥያቄ ለሳምንት ያህል ይተዉልኛል።) ከዚያ በኋላ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሲም ካርድ ያንን ቦታ በየጥቂት ሴኮንዱ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ይልከዋል። በዚያ ክፍል የተቀመጠው ሠራተኛ አውቶቡሱን በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ትንሽ ነጥብ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ሲዘገይ ያየዋል። ብርዱ ላይ የቆመው ተሳፋሪ ግን አያየውም። አንዱ መረጃ በአንድ በኩል ታውቆ በሌላው በኩል የተሰወረ ነው ማለት ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ የከተማችን የመጓጓዣ ድርጅቶች ይህን የሚያዩትን ነጥብ እኛም እንድናየው ይክፈቱልን።

ይህን የምጽፈው ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ሆኜ ነው። «አንተን ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ጋር ምን አገናኘህ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ የሚነሣ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ በንጋት ተሳፍሮ፣ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ ወጥቶ፣ በለሚና በሙከጡሪ፣ በጫንጮና በሱሉልታ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን የገደሉን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው መንገድን በኪሎ ሜትር አይለካም። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣው ሰው ከተማ ከገባ በኋላ የሚቀረው ስምንት ወይም ዐሥር ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀጠሮው የሚያመልጠውም ብዙ ጊዜ በዚያች ዐሥር ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከሩቅ ለመጣ ሰው የመሥሪያ ቤት በር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ ማለት ነገ ተመለስ ማለት ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሌሊት አልጋና የሁለት ጊዜ ምግብ ዋጋ ማለት ነው። ይህንም የሚከፍለው አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ ወይም የልጁን የትምህርት ማስረጃ ሊያጣራ የመጣ ገበሬ ነው።

በእኛ አገር ሰው የመኪናን ወሬ ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቅ የኖረ መሆኑን ላስታውሳችሁ። በመንገድ ዳር ቀበሌ የምትኖር አንዲት እናት ከተማ ለመሄድ ባሰበች ቀን ከሌሊቱ ተነሥታ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ላለው ዘመዷ ትደውላለች። «ጋሼ፣ መኪናው ሞልቷል?» «ግማሹ ሞልቷል፤ ገና ነው፣ ቁርስሽን ብዪ» ይላታል። ጥቂት ቆይቶ እሱ ራሱ ደውሎ «አሁን ወጣ፣ ታርጋው ይኸና ይኸ ነው፣ ውጪ» ይላታል። እሷም ነጠላዋን ታጣፋለች። እነሆ፣ ታላላቅ ከተሞች በብዙ ገንዘብ ያቋቋሙት የቀጥታ መረጃ ይህ ነው፤ ተሽከርካሪው የት ነው፣ ምን ያህል ቦታ አለው፣ መቼ ይደርሳል። ዘመድ ያለው ያገኘዋል፤ ዘመድ የሌለው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

የሚኒባስ ታክሲ ረዳትም ቢሆን ከዚሁ ሥራ የራቀ አይደለም። ወያላ እያልን የምንንቀው ልጅ በመስኮት ተንጠልጥሎ «መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሲል መድረሻውንና የቀረውን ወንበር በአንድ ትንፋሽ ያስታውቃል። ድምፁ ከአምሳ ሜትር በላይ አይሰማም፤ እስከዚያ ድረስ ግን መረጃው ትክክል ነው። («አንድ ሰው» የሚለው አንዳንድ ጊዜ ሦስት ሰው ማለት መሆኑን አውቃለሁ።) ታላቁ የከተማ አውቶቡስ ግን መሣሪያ ተሸክሞ ድዳ ሆኖ ይመጣል።

አውቶቡሱ ራሱ ሽማግሌ ነው። አንበሳ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው በ1935 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያን ጥሏቸው በሄደ ጥቂት መኪኖች ነው ይባላል፤ በኋላ የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ፣ ከአብዮቱ በኋላም በመንግሥት እጅ ገባ። ሸገር የተባለው አውቶቡስ በቅርብ ዓመታት ተጨመረ። ቀላሉ ባቡር ደግሞ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄደው መስመር ሥራ ጀመረ፤ ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ወጪውም 475 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ በጊዜው ተነግሯል። ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩት። በ2015 ዓ.ም. በወጡ ዘገባዎች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው ነበር። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም። ባቡር በየስድስት ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ ማንም ሰው መረጃ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ባቡሩ ባነሰ መጠን ግን ወሬው ይወደዳል። ጥቂት አውቶቡስ ያለው ከተማ ብዙ አውቶቡስ ካለው ከተማ ይልቅ የቀጥታ መረጃ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንዳንድ አዋቂዎች «መረጃ አውቶቡስ አይሆንም፤ መጀመሪያ አውቶቡስ ይገዛ» ይላሉ። ክርክሩ ደኅና ይመስላል። አንድ ሒሳብ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ፤ እርሳስ ያላችሁ ያዙ።

በአንድ መስመር ላይ በየሰዓቱ ሦስት አውቶቡስ ያልፋል እንበል። በእኩል ርቀት በየ20 ደቂቃው ቢመጡ፣ ሰዓት ሳያይ ወደ ፌርማታው የመጣ ሰው በአማካይ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን ደግሞ እነዚያው ሦስት አውቶቡሶች ተከታትለው መጡ እንበል፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 5 ደቂቃ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 5 ደቂቃ፣ ከዚያ 50 ደቂቃ ባዶ። የአውቶቡሱ ቁጥር አልተቀነሰም። ነገር ግን ተሳፋሪው ከ60 ደቂቃ ውስጥ በ50ው ባዶ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ ከስድስት አምስት ነው፤ በዚያ ጊዜ የመጣ ሰው በአማካይ 25 ደቂቃ ይቆማል። ከስድስት አንዱ ብቻ በአምስት ደቂቃዎቹ መካከል ደርሶ በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል። ሁለቱን አመዛዝናችሁ ብትደምሩ 21 ደቂቃ ከሩብ ይመጣል። ጥበቃው ከእጥፍ በላይ ሆነ!

ከዚህ የምንረዳው ምንድር ነው? የድርጅቱ ኃላፊ «በመስመሩ ላይ በሰዓት ሦስት አውቶቡስ አሰማርቻለሁ» ሲል አልዋሸም። ተሳፋሪውም «ሃያ ደቂቃ ስጠብቅ ዋልሁ» ሲል አልዋሸም። ሁለቱ ሰዎች እየተሰዳደቡ የሚኖሩት አንዱ የአውቶቡስን ቁጥር፣ ሌላው የጥበቃን ደቂቃ ስለሚቈጥሩ ነው። የቀጥታው መረጃ ለሕዝብ ቢከፈት ኖሮ ሁለቱም አንድ ወረቀት ይመለከቱ ነበር። ለድርጅቱም ቢሆን የሚረዳው ነገር አለው፤ አዲስ አውቶቡስ ሳይገዛ፣ ተከታትለው የሚሄዱትን በመለያየት ብቻ፣ የሕዝቡን ጥበቃ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። አውቶቡስ መግዛት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ አንዱን አውቶቡስ መነሻው ላይ ዐሥር ደቂቃ ማቆየት ግን የሚጠይቀው የስልክ ጥሪ ነው።

አሁን «መክፈት» ማለት ምን እንደሆነ ላብራራ፤ ቃሉ ብዙ ሰው ያሳስታልና። መክፈት ማለት ድርጅቱ የራሱን የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ ማቅረብ ማለት አይደለም። ያም መልካም ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው። መክፈት ማለት መረጃውን ኮምፒዩተር በሚያነበው መልክ አስቀምጦ «ማንም ሰው ወስዶ ይሥራበት» ማለት ነው። ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ጋዜጠኛውም ይወስደዋል።

መረጃውም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የማይንቀሳቀሰው ነው፤ የመስመሮቹ ቁጥር፣ የፌርማታዎቹ ስምና ቦታ፣ የመነሻ ሰዓት፣ ዋጋ። ሁለተኛው የሚንቀሳቀሰው ነው፤ አውቶቡሱ አሁን የት ነው፣ ምን ያህል ዘግይቷል፣ የትኛው መንገድ ተዘግቷል። የመጀመሪያው እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ ሁለተኛው እንደ ንግግር ነው። መዝገበ ቃላቱ ከሌለ ንግግሩ አይገባም፤ ስለዚህ ጥያቄያችን ከመጀመሪያው ቢጀምር ይሻላል።

የዚህ መረጃ መልክ በዓለም ላይ አንድ ሆኗል፤ ታሪኩም አጭር ነው። በአሜሪካ አገር በፖርትላንድ ከተማ ትራይሜት በሚባለው የመጓጓዣ ድርጅት የምትሠራ ቢቢያና ማክሂው የተባለች ሴት፣ መኪና ለሚነዳ ሰው በኢንተርኔት መንገድ ማግኘት እንዲህ ሲቀል አውቶቡስ ለሚሳፈር ሰው ለምን ከበደ ብላ ተቈጨች። ወደ ጉግል ኩባንያ ጻፈች፤ የድርጅቷንም ሰንጠረዥ ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ2005 በፖርትላንድ የተጀመረው አሠራር ጂቲኤፍኤስ የሚባለውን መልክ ወለደ። መልኩ ተአምር የለውም፤ አንድ ላይ የታሰሩ ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዦች ናቸው፤ አንዱ የፌርማታ፣ አንዱ የመስመር፣ አንዱ የሰዓት። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የደመወዝ ዝርዝር በኮምፒዩተር የሚያዘጋጅ ማንኛውም ጸሐፊ በአንድ ሳምንት ይማረዋል። የሚንቀሳቀሰውን መረጃ የሚመለከተው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 ተጨመረበት።

ሌሎች ከተሞች እንዴት እንደከፈቱ ብትሰሙ ያስቃችኋል። የቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 የአምስት መስመሮችን የቀጥታ መረጃ ለሙከራ ከፈተች። ድርጅቱ ምንም ሳያዝ፣ ምንም ሳይከፍል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው አውቶቡሶቹን በካርታ ላይ አሳያቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥ የኢንተርኔት ገጽ ተሠራ፤ ሳምንታት ሳያልፉ የስልክ መተግበሪያ ወጣ። በለንደን እ.ኤ.አ. በ2010 የምድር ውስጥ ባቡሮች የቀጥታ መረጃ ሲከፈት ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተረባረበበትና አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋረጠ፤ በኋላ ተጠናክሮ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዴሎይት የተባለው ድርጅት ባወጣው ግምት የለንደን ክፍት የመጓጓዣ መረጃ ለከተማይቱ በዓመት እስከ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ጥቅም ይሰጣል፤ ከ600 በላይ መተግበሪያዎችም በዚያ ይሠራሉ።

ኒው ዮርክ ግን በጠብ ነበር የጀመረችው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጓጓዣው ባለሥልጣን የባቡር ሰዓት ሰንጠረዥን በስልክ እንዲነበብ ያዘጋጀን አንድ ሰው «የቅጂ መብቴን ነካህ» ብሎ ገንዘብ ጠየቀው። የሰዓት ሰንጠረዥ ለተሳፋሪ እንዲደርስ የተዘጋጀ ጽሑፍ መሆኑን ረስተውት ኖሯል! ጋዜጦች ነገሩን አነሡት፤ አመራሩም ተለወጠ፤ በሚከተለው ዓመት መረጃው ለማንም በነፃ ወጣ። ይህን የምተርከው ሹማምንት በባሕርያቸው በዓለም ሁሉ አንድ መሆናቸውን እንድታዩና ተስፋ እንዳትቈርጡ ነው።

«እነዚያ ሀብታሞች ናቸው» ብትሉ ጎረቤታችን ናይሮቢ አለች። በዚያ የሕዝቡ መጓጓዣ ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ነው፤ የግል ነው፤ ሰንጠረዥም የለውም። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው ስልካቸውን ይዘው በማታቱ እየተሳፈሩ ከ130 በላይ መስመሮችን መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርታው ታተመ፤ መረጃውም ለሁሉ ተከፈተ። ሥራውን የሠሩት በአብዛኛው በእናንተ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። በአዲስ አበባም ቢሆን አዲስ ማፕ ትራንዚት በሚል ስም የአውቶቡስን፣ የባቡርንና የሚኒባስ ታክሲን መስመሮች በነፃው የዓለም ካርታ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የመዘገቡ ባለሙያዎች አሉ። ይኸ የማይንቀሳቀሰው መረጃ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ተጀምሯል ማለት ነው። የሚንቀሳቀሰውን ግን ተማሪ ታክሲ ተሳፍሮ ሊለቅመው አይችልም፤ እሱ በድርጅቱ እጅ ነው ያለው።

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር እንምጣ፤ ሳልነካው ባልፍ ታማኝ አልሆንም።

የመርሐቤቴ ሰው፣ የመንዝና የግሼ ሰው፣ የጎጃምና የጎንደር ሰው በእነዚህ ዓመታት መንገድን የሚያስበው በሰዓት ብቻ አይደለም፤ በሰላም መግባቱንም ጭምር ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 26 ቀን ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አጠገብ ከአውቶቡስ ወርደው መታገታቸውን ያልሰማ የለም። እንግዲህ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ በዚህች ደቂቃ በየትኛው ኩርባ ላይ እንዳለ ለዓለም ሁሉ ማሳየት መልካም ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ። የክፍት መረጃ ደጋፊ ሁሉ በዚህ ይስማማኛል ብዬ አልጠብቅም፤ ነገር ግን ተማሪዎቼን በዚያ መንገድ የምሸኝ ሰው ነኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ልጆቻችን ለፈተናው መንገድ የሚወጡ ሆነዋል፤ አውቶቡሳቸው በካርታ ላይ እንዲታይ አልፈልግም።

ለአገር አቋራጩ የሚበቃው መረጃ ሌላ ነው። ከመናኸሪያው ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ስንት ወንበር ቀርቷል? ደርሷል ወይስ አልደረሰም? የመንግሥቱ ዋጋ ስንት ነው? መንገዱ በናዳ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው? ይህ ሁሉ የተሳፋሪን ሕይወት ሳያጋልጥ ሊነገር ይችላል። ትኬት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚሸጥበት መናኸሪያ ደግሞ የቀረው ወንበር ቁጥር አስቀድሞ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ። የከተማው አውቶቡስ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚሄድ አውቶቡስ የት እንዳለ ለመንገደኛው ሁሉ በዐይን የሚታይ ነው፤ በስልክ ቢታይ የሚያመጣው አዲስ አደጋ አይታየኝም።

የሾፌሩም ነገር አለ። አውቶቡሱን የምናየው ሾፌሩን ለመሰለል መሆን የለበትም። የሚወጣው መረጃ የአውቶቡሱ ቁጥርና ቦታ እንጂ የሰውየው ስም አይደለም። የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአገራችን ወጥቷል፤ መረጃ የሚከፍት ድርጅት በዚያ መሠረት ስምን አስቀርቶ መስጠት ይችላል።

ሌላው ፍርሃት «መረጃው ቢሳሳት ሕዝብ ይሰድበናል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ይሳሳታል። አውቶቡሱ ከእናንተ 6 ኪሎ ሜትር ርቆ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው ብትሉ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ መገናኛ ላይ መኪና ቢጨናነቅ ግን ሒሳቡ ይፈርሳል። ይሁን እንጂ አሁንስ ከስድብ ድነዋልን? ዝም ያለ ድርጅት ያለ ማስረጃ ይሰደባል፤ የተናገረ ድርጅት ቢያንስ በማስረጃ ይወቀሳል።

ከዚህ ሌላ ባለሙያዎቻችን ሊያስቡበት የሚገባ የራሳችን ጉዳይ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ መተግበሪያ አያውቀውምና። ሰንጠረዡ 06:00 የሚለውን እኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንለዋለን። ሁለት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ያለው የዓለም ከተማ ሰው ስልኩ 2:00 ሲለው ሌሊት መስሎት ይስቃል ወይም ቀጠሮው ያመልጠዋል። የፌርማታዎቹ ስምም እንዲሁ ነው። በመዝገብ የተጻፈው ስም አንድ፣ ሕዝቡ የሚጠራው ሌላ ይሆናል፤ ሕዝቡ ከፈረሰ ዓመታት ባለፉት ሱቅ ስም «እገሌ ጋ ወራጅ አለ» ይላል፤ ሾፌሩም ያቆምለታል። መረጃው ሁለቱንም ስም ካልያዘ፣ በፊደላችንም ካልተጻፈ፣ ለእንግዳ ተሠርቶ ለባለቤቱ የማይሆን ዕቃ ይሆናል። ደግሞም ሁሉም ሰው ዘመናዊ ስልክ የለውም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ መኖሩን አንረሳውም። ስለዚህ በአጭር ቁጥር የፌርማታ ቁጥር ልኮ በአጭር መልእክት መልስ ማግኘት ያስፈልጋል። ይህን ድርጅቱ ራሱ ባይሠራው እንኳ፣ መረጃውን ከከፈተ፣ አንድ ሥራ ፈላጊ የኮምፒዩተር ምሩቅ ይሠራዋል።

እንግዲህ እንዴት እንጠይቅ? በልመና መጠየቅ የለብንም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የማግኘትን ነፃነት ይዘረዝራል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣም የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተሻረም። መብቱ መዝገቡን አይቶ መመለስ ብቻ አይደለም፤ ግልባጭ መውሰድንም ይጨምራል፤ በኤሌክትሮኒክ መልክ የተያዘውንም በዚያው መልክ መቀበል ይቻላል። ጥያቄ የቀረበለት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ አስቸጋሪ ከሆነ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ለብሔራዊ ደኅንነትና ለሦስተኛ ወገን የግል መረጃ የመሳሰሉ የተከለከሉ ነገሮች አሉ። የፌርማታ ዝርዝር ግን ከነዚያ ውስጥ ነው የሚል ሰው ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። መጀመሪያ የፌርማታዎቹንና የመስመሮቹን ዝርዝር ጠይቁ፤ እሱን መከልከል ያሳፍራልና። ቀጥሎ ያለፈውን አንድ ወር የአውቶቡሶች ጉዞ መዝገብ፣ የሾፌሮች ስም ተነሥቶለት፣ ጠይቁ፤ ያለፈ ነገር ስለሆነ ማንንም አያስፈራም፤ ከላይ ያሳየሁአችሁን ሒሳብ በእውነተኛው መስመር ላይ ለመሥራት የሚያስፈልገውም እሱ ነው። በመጨረሻ የቀጥታውን መረጃ ለሦስት ወይም ለአምስት መስመሮች ለሙከራ እንዲከፍቱ ጠይቁ፤ ቦስተንም በአምስት ነው የጀመረችው። «በኮምፒዩተር በሚነበብ መልክ» የሚለውን ቃል አትርሱ፤ ካልጻፋችሁት በማኅተም የተጌጠ የወረቀት ክምር ይሰጧችኋል፤ ማኅተም ደግሞ ኮምፒዩተር አያነብም። ደብዳቤውን ለመዝገብ ቤት ስትሰጡ በግልባጩ ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፉበት፤ ሠላሳው ቀን የሚቈጠረው ከዚያ ነው። መልስ ካልመጣ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል።

አዲስ አበባ የሌላችሁ አንባብያንም በያላችሁበት መናኸሪያ የምትጀምሩት አለ። አንድ ደብተርና አንድ ሰዓት ይበቃል፤ የመኪናው መድረሻ፣ የወጣበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሰዓት። ለአንድ ወር ጻፉ፤ ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስታውቁ።